ኒኮን ፒ950፦ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ግዙት

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ይሄ ካሜራ ለሁሉ ነገር አይሆንም። ሠርግ ላንሳበት ካላችሁ ትጣላላችሁ። ማታ ቤት ውስጥ የልጅ ልደት ላንሳበት ካላችሁም ስልካችሁ ይሻላችኋል። ወፍ ማየት ለጀመረ፣ ያየውንም ለሰው ማሳየት ለሚፈልግ፣ በጀቱ ደግሞ ከሺህ ዶላር ለማያልፍ ሰው ግን ከኒኮን ኩልፒክስ ፒ950 የተሻለ ምርጫ እኔ አላየሁም። እሱም ቢሆን ወቅት አለው። የማርችና የኤፕሪል መጀመሪያ ካሜራ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ። እዚህ አካባቢ ስንት አበሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። ትኩስ እንጀራ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ቤት ክትፎ እንደሚችልበት የማያውቅ የለም። ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባለውን ፓርክ ስጠቅስ ግን አብዛኛው ሰው "የት ነው ደግሞ እሱ?" ይለኛል። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ከሪችመንድ ሀይዌይ ገባ ብሎ፣ ሎክሂድ ቡልቫርድ ላይ። ከ1,500 ኤከር በላይ ስፋት አለው፣ መግቢያው ነፃ ነው። መሃሉ ቢቨሮች ውሃውን እየገደቡ ያስፋፉት ረግረግ ነው። ረግረጉ ላይ ከእንጨት የተሠራ መሄጃ ስላለ ጫማችሁ ሳይረጥብ ውሃው መሃል ድረስ ትገባላችሁ። ካሜራውን በደንብ የፈተንኩት እዚያ ስለሆነ የምለውን ሁሉ ከዚያ ቦታ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

ስለ ዙሙ እንጀምር፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። 83 ጊዜ ያቀርባል። በካሜራ ሰዎች አቆጣጠር ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ባለሙያዎቹ በትልቅ ትራይፖድ ላይ ጭነው የሚዞሩት ነጭ ወይ ጥቁር መድፍ የሚመስል ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ 600 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዋጋው ደግሞ ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል። ታዲያ ይሄ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ሲወጣ 800 ዶላር የነበረ ካሜራ እንዴት ከሦስት እጥፍ በላይ በለጠው?

አልበለጠውም። ነገሩ ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ላይ። የሌንሱ ትክክለኛ ርዝመት 357 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጀርባው ያለችው ሴንሰር ግን የሕፃን ጥፍር ታክላለች፤ በትልልቆቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ፉል ፍሬም የሚባለው 30 ጊዜ ያህል ይሰፋታል። ትንሿ ሴንሰር ሌንሱ ከሚያመጣው ምስል መሃሏን ብቻ ቆንጥራ ስለምትወስድ ወፏ ፎቶውን ሞልታ ትታያለች። ሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚቆርጠውን ይሄኛው እዚያው ቆርጦ ይሰጣችኋል እንደማለት ነው። ክፍያው በብርሃን ነው። ትንሽ ሴንሰር ትንሽ ብርሃን ትሰበስባለች፣ ብርሃን ባነሰ ቁጥር ፎቶው ሻካራ ይሆናል፣ የላባው ዝርዝርም ተለውሶ ይጠፋል።

ይሄን ከተረዳችሁ ካሜራውን ተረድታችሁታል፣ ሌላው ዝርዝር ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው። ዙሙን ጥግ ድረስ ስትወስዱት ሌንሱ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 6.5 ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል)። ፀሐይ ከጀርባችሁ ቦግ ብላ ከወጣች በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) አንድ ስድስት መቶኛ ሰከንድ ገደማ የመዝጊያ ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ ለተቀመጠች ወፍ ከበቂ በላይ ነው። ሰማዩ ደመና ከሆነ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርጋችሁ ሦስት መቶኛ አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ አሁንም ይሄዳል። ጫካ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ ከሆነ ግን ወደ 1600 ትገፋላችሁ፣ እዚያ ላይ ፎቶው ለስልክ ስክሪን እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ስለዚህ "ወፍ ሳይንጫጫ ነው መውጣት" የሚለውን ምክር ለሌላ ሰው ተዉት። ወፏን ለማየትና ለመስማት ከሆነ አዎ፣ ንጋት ላይ ውጡ። ለፎቶ ግን ጠዋት በአበሻ ሰዓት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው የዚህ ካሜራ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ፀሐይዋ ቀዝቃዛውን ውሃ ማሞቅ ስትጀምር አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ በ2000 ሚሊ ሜትር ደግሞ እያንዳንዷ ንቅናቄ ትታያለች። ከሩቅ ያነሳችሁት ዳክዬ ሁሉ በውሃ ውስጥ ሆኖ የተነሳ ይመስላል። ካሜራውን አትማረሩበት፣ የ12 ሺህ ዶላሩ መድፍ ሌንስም አይቀርለትም። መፍትሔው መቅረብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ። ማርች ላይ እዚህ አካባቢ ዛፉ ራቁቱን ነው። ቅጠል የለም፣ ጥላ የለም፣ ወፏ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ ሰማዩ ከጀርባዋ አለ። ወንዶቹ ደግሞ ቦታቸውን ለማስከበርና ሴት ለመጥራት ጫፍ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ፣ ማለትም ራሳቸው ናቸው ታዩኝ የሚሉት። ብዙዎቹም ትልልቅ ናቸው። ሜይ ሲመጣ ታሪኩ ይገለበጣል። እነዚያ ባለ ቀለም ጥቃቅን ወፎች፣ ዋርብለር የሚባሉት፣ ከደቡብ ይመጣሉ፣ ሁሉም ሰው አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ይዞራል፤ ግን ቅጠሉ ሞልቷል፣ ከሥሩ ጨለማ ነው፣ ወፎቹም አንድ ሰከንድ አይቀመጡም። እዚያ ላይ ፒ950ን ይዞ መሄድ ከራስ ጋር መጣላት ነው። በሜይ ገዝተው በጁን የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ማርች ላይ ቢጀምሩ ኖሮ እስካሁን ይዘውት ነበር ባይ ነኝ።

በማርች ምን ይገኛል? መጀመሪያ ክንፈ ቀዩ ጥቁር ወፍ፣ ሬድ ዊንግድ ብላክበርድ። እዚህ አገር በጣም የተለመደ ስለሆነ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዞር ብለው አያዩትም፣ እኔ ግን አልሰለቸውም። ወንዱ የደረቀ ፊላ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቂብ ይላል፣ ጅራቱን ይዘረጋል፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ቀይ ላባ ከነቢጫ ጠርዙ ነፍቶ ይጮኻል። ብርድ ባለበት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከጀርባው ስትሆን፣ ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይታያል። የ2019 የኦዱቦን (የአሜሪካ የወፍ ጥበቃ ድርጅት) የፎቶ ውድድር ትልቁን ሽልማት ያገኘው የካትሪን ስዎቦዳ ፎቶ ይሄው ነው፣ የተነሳውም እዚሁ ሀንትሊ ሜዶውስ ነው። በፒ950 ያንን ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ አትግዙ። ሰዓቱ ገና ጨለምለም ያለ ነው፣ ትንሿ ሴንሰር አትችለውም። ትንፋሹን ትይዛላችሁ፣ ጥቁሩ ላባ ግን ዝርዝር የሌለው ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የቀዩን ትከሻ ፎቶ በደንብ ይሰጣችኋል፣ በዚያ ተደሰቱ።

ከእሱ ቀጥሎ ዳክዬዎቹ አሉ። ሁዲድ መርጋንሰር የሚባለው፣ ወንዱ ነጭ ጉትዬውን እንደፈለገ የሚዘረጋና የሚያጥፍ፣ ክረምቱን እዚህ ከርሞ ሊሄድ ሲል ታገኙታላችሁ። ዉድ ዳክም አለ፤ ሰው ቁጭ ብሎ የቀባው ነው የሚመስለው፣ ግን ዓይን አፋር ስለሆነ ከሩቅ ነው የምታነሱት፣ ዙሙ ዋጋውን የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው። ትሪ ስዋሎዎች ማርች ላይ መድረስ ይጀምራሉ፣ ሲበሩ ተዉአቸው፣ የጎጆ ሳጥን ላይ እስኪቀመጡ ጠብቁ። ኦስፕሪ የሚባለው ዓሣ አዳኝ አሞራ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ተመልሶ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ይደርሳል፤ እሱን ለማየት ቤል ሄቨንና ዳይክ ማርሽ ይሻላል፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ስትሄዱ ከኦልድ ታውን ትንሽ ወረድ ብሎ።

የዚህ ካሜራ ንጉሥ ግን ግሬት ብሉ ሄሮን ነው። አገራችን ከብት ጀርባ ላይ የምናውቃትን ሳቢሳ ከአንድ ሜትር በላይ አቁማችሁ ግራጫ ሰማያዊ ብታለብሷት እሱን ታገኛላችሁ። አይንቀሳቀስም። ቆሞ ውሃውን ያያል፣ እናንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ። አንድ ጠዋት በጥልፍ ጋቢያቸው ላይ የክረምት ጃኬት ደርበው በመሄጃው የሚንሸራሸሩ የአገራችን አዛውንት አጠገቤ ቆሙ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ "ምንድነው እንዲህ የምታየው ልጄ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ በዓይንዎ ይዩት" ብዬ ካሜራውን ሰጠኋቸው። ሄሮኑ ያኔ እንቁራሪት ይዞ ነበር። በአንድ ዓይናቸው ቪውፋይንደሩ ላይ ተደፍተው ትንሽ ዝም አሉና፣ "ኧረ እግሩ ይንፈራገጣል! ኧረ ዋጠው! በቁሙ እኮ ነው የዋጠው፣ አንገቱ ላይ ሲወርድ ይታያል!" ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ካሜራውን መልሰው "ስንት ነው ይሄ?" አሉኝ። ከማንኛውም ግምገማ በላይ ነው እንግዲህ። በነገራችን ላይ ቪውፋይንደሩ ጥርት ያለ ነው፤ መነጽር ለሚያደርጉም የሚስተካከል ትንሽ ጎማ ጎኑ ላይ አለው።

ስለ መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ይጨነቃል። ካሜራው ውስጥ ያለው የማረጋጊያ ሥርዓት ከጠበቅኩት በላይ ነው፤ ክርናችሁን ሰውነታችሁ ላይ ካስጠጋችሁ፣ ወይም የእንጨቱ አጥር ላይ ካሳረፋችሁት፣ ያለ ትራይፖድ ጥግ ድረስ ዙም አድርጋችሁ ትሠራላችሁ። ችግሩ ወፏን መፈለግ ነው። በ2000 ሚሊ ሜትር የምታዩት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ዘወር ስትሉ ወፏ ትጠፋለች፣ የቀረው ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ለዚህ ሌንሱ ጎን ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ዙሙ ለጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወፏን ታገኟታላችሁ፣ ስትለቁት ወደ ነበረበት ይሄዳል። ገዝተው ይሄን ቁልፍ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ወራት የሚከርሙ ሰዎች አሉ። ካርቶኑን በከፈታችሁበት ቀን እሱን ተለማመዱ። መስኮት ላይ ሁናችሁ የጎረቤት ጣራ ላይ ባለች እርግብ ይበቃል።

ፎከሱ ላይ አልዋሽም፣ አንዳንዴ ያናድዳል። ወፏ ከቀጫጭን ቅርንጫፎች ጀርባ ካለች ካሜራው ቅርንጫፉን ይወዳል። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እስኪወስን ወፏ ትሄዳለች። የፎከሱን ነጥብ በጣም ትንሹ ላይ አድርጉት፣ ግማሹ ይቃለላል። የቀረውን ሌንሱ ጎን ላይ ባለው ተሽከርካሪ ቁልፍ በእጅ ማስተካከል ይቻላል። መደወያው ላይ የወፍ ምስል ያለበት ቦታ አለ፣ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው፤ ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ግን ኤስ ላይ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ራሳችሁ ወስኑ፣ ፎቶውንም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ በ2015 የወጣው ፒ900፣ ዙሙ ያው ሆኖ ሮው አልነበረውም፤ ያገለገለ ፒ900 በርካሽ ስታገኙ ይሄን አትርሱ።

የምትበር ወፍ? እርሱት። በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን 10 ሲደርስ ቆሞ ወደ ካርዱ መጻፍ ይጀምራል፣ እናንተም ቆማችሁ ታያላችሁ። ንስሩ ዓሣውን ይዞ ሲነሳ የሚያሳይ ፎቶ ካማራችሁ በዚህ ገንዘብ አይገኝም። መንገድ የሚሆነው የሚቀያየር ሌንስ ያለው ካሜራ ነው፤ ለምሳሌ የካኖን አርኤፍ 100-400 ሌንስ ከ650 ግራም በታች ነው፣ ዋጋውም ለብቻው ከዚህ ካሜራ ብዙ አይርቅም፣ ግን ካሜራው ላይ ሌላ ገንዘብ ትጨምራላችሁ። ዙሙ ደግሞ 400 ላይ ያበቃል። ፒ1000ስ የምትሉ አላችሁ፣ 125 ጊዜ የሚያቀርበው፣ በ2025 ደግሞ ፒ1100 ሆኖ የመጣው። ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ ጥግ ላይ ያለው ብርሃንም ከዚህኛው ያንሳል፤ ጨረቃ ለማንሳት ካልሆነ በቀር ያ ትርፍ ዙም አየሩ በሚንቀጠቀጥበት ዓለም ብዙ አይጠቅምም።

ባትሪው 290 ፎቶ ገደማ ነው የሚለው በወረቀት ላይ፣ በብርድ ግን ከዚያ ያንሳል። ሁለተኛ ባትሪ ግዙ፣ በውስጥ ኪሳችሁ ያዙት፣ ሙቀት ይፈልጋል። ዝናብ አይችልም፤ የፌስታል ከረጢት ይዛችሁ ውጡ።

ስም የማታውቁትን ወፍ ለመለየት ሜርሊን የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ በነፃ ነው፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ላብራቶሪ የሠራው ነው። ድምፅ ሰምቶ ይነግራችኋል፣ ያነሳችሁትንም ፎቶ አይቶ ይገምታል። የድምፁን ነገር ግን እንዳለ አትመኑት፤ ስሙን ሲያወጣ ወፏን በዓይናችሁ ፈልጉ። አንድ ነገር ደግሞ በእናታችሁ፦ ወፏ እንድትቀርብላችሁ ብላችሁ የተቀዳ ድምፅ በስፒከር አታጫውቱ። በዚህ ወቅት ቦታውን ሊያስከብር ጉልበቱን እየጨረሰ ያለ ወንድ በሌለ ጠላት ታንገላታላችሁ። ጎጆ ካያችሁም ከሩቅ አንሱና ሂዱ፣ 2000 ሚሊ ሜትር የተሰጣችሁ ለዚህ ነው። የጉጉት ጎጆ ያለበትን ቦታ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል እንጃ።

አገር ቤት ይዤው ልሂድ ለምትሉ፣ እዚያ ይሄ ካሜራ ከቨርጂኒያ በላይ ነው የሚሠራው። ብርሃን ሞልቷል፣ ወፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሰውም ብዙ አይፈሩም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳዎቹ እግራችሁ ሥር ስለሚቆሙ እንዲያውም ዙም አያስፈልጋችሁም፤ ራቅ ብሎ ሐይቁ ላይ ላሉት ነው የምትጠቀሙበት። ከአውሮፓ መጥተው ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የከረሙት ወፎች የሚመለሱት በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሆነ ለፋሲካ የምትሄዱ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ልትደርሱባቸው ትችላላችሁ። ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጅ ያዙት።

ያገለገለ ስትገዙ የምታዩት እንዲህ ነው። ሻጩ ፊት ካሜራውን አብሩና ዙሙን ጥግ ድረስ አውጡት፣ መልሱት፣ ደግማችሁ አውጡት። ሲወጣ የሚንቋቋ ወይም መሃል ላይ የሚይዘው ከሆነ አሸዋ ገብቶበታል፣ አመስግናችሁ ሂዱ። የተዘረጋውን ሌንስ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፣ ትንሽ መወዛወዙ ያለ ነው፣ ሎጥ ሎጥ ካለ ግን አይሆንም። ከዚያ ወደ ውጪ አዙራችሁ ሩቅ ያለ ታርጋ አንሱና ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አስፍታችሁ እዩ። እዚህ አካባቢ ሜይና ጁን ላይ ማስታወቂያው ይበዛል፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ዋጋ የሚከራከሩት ያኔ ነው፣ የሚያነሱበት ደግሞ በሚቀጥለው ማርች።